የዘር መለያየትን ሕግ ለመጣስ የትኛው መንገድ ይሻላል?

በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች እስከ 1964 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወንጀለኛ ለመሆን የሚያስፈልገው ድካም እጅግ ጥቂት ነበር። አንድ ጥቁር ሰው አውቶቡስ ውስጥ ከተቀመጠበት ባይነሣ፣ ባንኮኒ ላይ ቡና ቢያዝ፣ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ድምፁን ሳያሰማ ቢያነብ ወይም ባሕር ዳር ወርዶ እግሩን ቢያረጥብ ፖሊስ ይጠራበት ነበር። በሌላው ዓለም ሕግ የሚተላለፍ ሰው ጨለማ፣ መሣሪያና ግብረ አበር ሲፈልግ፣ የአላባማና የሚሲሲፒ ሕግ አውጪዎች ግን ወንጀልን በምሳ ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ክራባት አስረው የሚሠሩት ነገር አድርገው አቅርበውት ነበር። አማራጩ እንዲህ ሲበዛ መምረጥ ይቸግራል፤ ስለዚህም በዘመኑ ሥራ ላይ የዋሉትን የሰላማዊ እምቢተኝነት መንገዶች በዋጋ፣ በጊዜ፣ በሚያስከትሉት ጉዳትና በውጤት ማወዳደሩ አይከፋም።

ሕግ ሊጥስ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱን የሚጠይቀው ድፍረት እንዳለውና እንደሌለው ነው። ጥያቄው መልካም ቢሆንም ለምርጫ አይረዳም፤ ሁሉም መንገዶች ድፍረት ይጠይቃሉና። በእኔ ግምት ልዩነቱ ያለው በሁለት ነገሮች ላይ ነው፦ አንደኛው ሕጉ ቆሞ የሚሄደው በማን ኪስ እንደሆነ፣ ሁለተኛው ሕጉን የሚያስከብረው ሹም ቶሎ የሚቆጣ መሆን አለመሆኑ። ሕጉ የሚኖረው በራሱ በጥቁሩ ደንበኛ ገንዘብ ከሆነ፣ የከተማው የፖሊስ አዛዥም ንዴቱን መግታት የማይችል ከሆነ፣ ከዚያ የተሻለ ገበያ አይገኝም።

አውቶቡስ፦ ጊዜና ጠንካራ ጫማ ላለው

በሞንትጎመሪ፣ አላባማ፣ የአውቶቡስ ዋጋ 10 ሳንቲም ነበር። ጥቁሩ ተሳፋሪ በፊት በር ገብቶ ይከፍልና ብዙ ጊዜ ወርዶ በኋላ በር እንዲገባ ይታዘዛል፤ ከፍሎ ወደ ኋላ እየዞረ ሳለ አውቶቡሱ ጥሎት የሚሄድበትም ቀን ነበር። የፊተኞቹ 10 መቀመጫዎች ባዶ ቢሆኑም እንኳ ለነጮች የተጠበቁ ናቸው፤ የመካከለኞቹ ደግሞ ነጭ እስኪመጣ ድረስ ብቻ ለጥቁር የተፈቀዱ ነበሩ። ዲሴምበር 1 ቀን 1955 ወይዘሮ ሮዛ ፓርክስ የተቀመጡት በዚህ በመካከለኛው ክፍል ነበር። መቀመጫ አጥቶ የቆመው ነጭ አንድ ሲሆን፣ እንዲነሡ የታዘዙት ጥቁሮች ግን አራት ነበሩ፤ ነጭና ጥቁር በአንድ ረድፍ ሊቀመጡ አይችሉምና ለአንድ ሰው ማረፊያ ረድፉ በሙሉ መለቀቅ ነበረበት። ሦስቱ ተነሡ፤ እርሳቸው አልተነሡም። ፍርድ ቤቱ 10 ዶላር መቀጮና 4 ዶላር የችሎት ወጪ አስከፈላቸው፤ በቲኬት ሲሰላ የ140 ጉዞ ሒሳብ መሆኑ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው አድማ በዋጋ ረገድ ልዩ ነው። የኮሌጅ መምህርት የነበሩት ጆ አን ሮቢንሰን ሌሊቱን ሙሉ በማባዣ መሣሪያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር በራሪ ወረቀት አባዝተው አደሩ፤ ከዲሴምበር 5 ጀምሮም የከተማው ጥቁር ነዋሪዎች አውቶቡሱን ትተው 381 ቀናት በእግራቸውና በሰው መኪና ተመላለሱ። ከተሳፋሪው የሚበዛው ጥቁር ስለነበር ኩባንያው ባዶ ወንበር እያመላለሰ ነዳጅ ማቃጠል ያዘ። የሚገርመው የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች መለያየቱ ፈጽሞ ይቅር እንኳ አይሉም ነበር፤ ሾፌሮች በትሕትና ያነጋግሩን፣ ጥቁሮች ከኋላ ነጮች ከፊት ጀምረው ቀድሞ የመጣ ይቀመጥ፣ ጥቁሮች በሚበዙባቸው መስመሮች ጥቁር ሾፌር ይቀጠር የሚሉ ነበሩ። የከተማው ሹማምንት ይህን ትንሽ ነገር እምቢ ባይሉ ኖሮ ትልቁን ባላጡ ነበር፤ በዚህ ረገድ የባለሥልጣናቱ አስተዋጽኦ ሊዘነጋ አይገባም።

ታክሲዎች ሰውን በ10 ሳንቲም መጫን ሲጀምሩ ከተማው ዝቅተኛው ታሪፍ 45 ሳንቲም መሆኑን አስታወሰ። ሕዝቡ የራሱን መኪና በፈረቃ ሲያሰማራ የመድን ድርጅቶች ውል ሰረዙ፤ መድኑ በመጨረሻ የተገኘው ከለንደን፣ ከሎይድስ ነው። ከንቲባው ነጭ እመቤቶች ሠራተኞቻቸውን በመኪና ማመላለሳቸውን እንዲያቆሙ ቢማጸኑም ብዙዎቹ አላቆሙም፤ መርሕ ሌላ፣ የቆሸሸ ልብስ ሌላ። ጆርጂያ ጊልሞር የተባሉ ምግብ አብሳይ ደግሞ ሴቶችን አስተባብረው ኬክና ዶሮ እየሸጡ ለአድማው ገንዘብ ያስገቡ ነበር። የማኅበራቸው ስም «ከየትም ያልመጣ ክበብ» ነበር፤ ገንዘቡ ከየት መጣ ተብሎ ሲጠየቅ ሳይዋሹ «ከየትም» ብሎ ለመመለስ የተመረጠ ስም ነው።

በፌብሩዋሪ 1956 አቃቤ ሕግ አድማን የሚከለክል የ1921 ሕግ ከመደርደሪያ አውርዶ ወደ 90 የሚጠጉ ሰዎችን ከሰሰ። ወይዘሮ ፓርክስ አውቶቡስ ውስጥ ስለተቀመጡ ወንጀለኛ ነበሩ፤ እነዚህ ደግሞ አውቶቡስ ውስጥ ስላልተቀመጡ ወንጀለኛ ሆኑ። ከአድማው አስተባባሪዎች አንዱ የነበሩት ኢ. ዲ. ኒክሰን ፖሊስ እስኪመጣ ሳይጠብቁ በራሳቸው እግር ሄደው እጃቸውን ሰጡ፤ ሌሎቹም የክት ልብሳቸውን ለብሰው ተከተሏቸው፤ ስማቸው በዝርዝሩ ውስጥ አለመኖሩን ሲሰሙ ቅር የተሰኙም ነበሩ። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ 500 ዶላር ተፈረደባቸው። ጉዳዩን የቋጨው ግን ሌላ ክስ ነው፦ አራት ሴቶች ከሳሽ የሆኑበትና ወይዘሮ ፓርክስ የሌሉበት መዝገብ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በኖቬምበር 13 ቀን 1956 መለያየቱን በሚሽር ፍርድ ተፈታ። አውቶቡስ እንግዲህ ዘገምተኛው መንገድ ነው፤ ዓመት አልፎም ይሄዳል፣ የኪንግ ቤት በቦምብ እንደተመታውም አደጋ አያጣውም። ነገር ግን ጀግና ያልሆነ ሰው በሙሉ፣ የጉልበት ሕመም ያለባቸው አያት ሳይቀሩ፣ የሚሳተፍበት ስለሆነ ለብዙ ሰው የሚመከረው ይኸው ነው።

ባንኮኒ፦ መሳቅ ለማያበዛ

ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1960 በግሪንስቦሮ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ አራት የአንደኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪዎች ዎልዎርዝ መደብር ገብተው እንደ ጥርስ ሳሙና ያለ ጥቃቅን ዕቃ ገዙ፤ ደረሰኛቸውንም ተቀበሉ። ከዚያ ጥቂት እርምጃ ተራምደው የምሳ ባንኮኒው ላይ ተቀመጡና ቡና አዘዙ። መደብሩ በአንዱ ማዕዘን የሚቀበለውን ገንዘብ በሌላው ማዕዘን የማይቀበልበትን ምክንያት ሲጠይቁ መልስ የሚሰጣቸው አልተገኘም፤ እስኪዘጋ ተቀመጡ፣ በማግስቱም ሌሎችን ጨምረው መጡ። በሳምንቱ መጨረሻ የመጡት በመቶዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። መደብሩ 200,000 ዶላር ገደማ ከከሰረ በኋላ ጁላይ 25 ላይ ተሸነፈ፤ በዚያ ቀን ባንኮኒው ላይ በመጀመሪያ የተስተናገዱት ጥቁሮች ራሱ መደብሩ የቀጠራቸው ሠራተኞች ነበሩ። ምግቡን ሲያዘጋጁ ኖረው መብላቱ ብቻ ነበር የቀራቸው።

ይህ መንገድ ከገንዘብ ይልቅ ሥልጠና ይፈልጋል። በናሽቪል፣ ቴነሲ፣ ቄስ ጄምስ ሎውሰን ተማሪዎችን በቤተ ክርስቲያን ሰብስበው እየተሰደቡ፣ እየተገፈተሩና ጭስ ፊታቸው ላይ እየተነፋባቸው ዝም ብለው እንዲቀመጡ ያለማምዷቸው ነበር። ለተቀማጮች የተሰጠው የጽሑፍ መመሪያ ቢመቱ እንዳይመልሱ፣ እንዳይሳደቡ፣ ድምፅ አውጥተው እንዳይስቁ፣ ቀጥ ብለው እንዲቀመጡና ፊታቸውን ሁልጊዜ ወደ ባንኮኒው እንዲያዞሩ ያዛል። ከነዚህ ሁሉ ከባዱ፣ በእኔ ግምት፣ አለመሳቁ ነው፤ አንድ ሙሉ የከተማ አስተዳደር ሳንድዊች እንዳይበላ ለመከላከል ፖሊስ ሲያሰልፍ እያዩ ጥርስን መንከስ ተራ ችሎታ አይደለም። ፌብሩዋሪ 27 ቀን ፖሊስ ተቀማጮቹን ጭኖ ሲወስድ፣ ተራ ሲጠብቅ የነበረ ሌላ ቡድን ወንበሩን ይዞ ተገኘ፤ እርሱም ሲወሰድ ሌላ መጣ። በዚያን ቀን ወደ 80 የሚሆኑ ታሰሩ። የናሽቪል ባንኮኒዎች ሜይ 10 ተከፈቱ።

ልብስን በሚመለከት ምርጫ የለም፤ ኮትና ክራባት፣ ከተቻለም መጽሐፍ። በዚያው ወር በሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ፣ የመለያየት ጠበቃ የነበረ አንድ ታዋቂ የጋዜጣ አዘጋጅ ባንኮኒ ላይ የተቀመጡትን ጥቁር ተማሪዎችና ከውጭ ሊያፌዙ የተሰበሰቡትን ነጭ ጎረምሶች አይቶ፣ ልዩነቱ ቅር እንዳሰኘው በርእሰ አንቀጹ ላይ ጻፈ፤ ከተማሪዎቹ አንዱ የጀርመኑን ባለቅኔ ጎተን ያነብ ነበር። ጠላት ራሱ ማስታወቂያ የሚጽፍለት መንገድ ብዙ አይገኝም።

ቀልደኛው ጋዜጠኛ ሃሪ ጎልደን ከዚህ ቀደም ብሎ አንድ ነገር አስተውሎ ነበር፦ የደቡብ ነጮች ከጥቁር ጋር በባንክ፣ በሱቅና በፖስታ ቤት ወረፋ አብረው ሲቆሙ ቅር አይላቸውም፤ የሚቆጡት አብረው ሲቀመጡ ነው። ስለዚህ ወንበሩ ሁሉ ይነሣና ሁሉም ቆሞ ይብላ፣ ቆሞም ይማር ሲል ሐሳብ አቀረበ። ቀልድ ነበር። ነገር ግን በ1960 ፍርድ ቤት የዳንቪል፣ ቨርጂኒያ፣ ቤተ መጻሕፍት ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ባዘዘ ጊዜ፣ ከተማው መጀመሪያ ዘጋው፤ ቆይቶም ወንበሮቹን አስወጥቶ ከፈተው። ቀልደኛ ሰው በዚያ ዘመን ከመንግሥት ጋር መፎካከር እንደማይችል ከዚህ ይታወቃል።

ቤተ መጻሕፍት፦ ጸጥታ ለሚወድ

የዚህ መንገድ ቀዳሚ ሙከራ በ1939 በአሌክሳንድርያ፣ ቨርጂኒያ፣ ተደርጓል። በጠበቃው ሳሙኤል ታከር አስተባባሪነት አምስት ወጣቶች አንድ በአንድ ገብተው የአባልነት ካርድ ጠየቁ፤ ሲከለከሉም እያንዳንዱ አንድ መጽሐፍ አንሥቶ ለየብቻው ጠረጴዛ ይዞ ማንበብ ጀመረ። የተከሰሱት ሥርዓት በማወክ ነው። ውጤቱ ግን ለመራጩ ማስጠንቀቂያ ይሁነው፤ ከተማው በሩን በመክፈት ፈንታ በ1940 ለጥቁሮች ብቻ የሚሆን ትንሽ ቅርንጫፍ ሠራ፣ ታከርም የዚያን ቅርንጫፍ ካርድ አልቀበልም አሉ። በማርች 1961 ደግሞ ከቱጋሉ ኮሌጅ የመጡ ዘጠኝ ተማሪዎች በጃክሰን፣ ሚሲሲፒ፣ ዋናው ቤተ መጻሕፍት በጥቁሮቹ ቅርንጫፍ የማይገኙ መጻሕፍትን ሲፈልጉ ተያዙ። እነርሱ 100 ዶላር ሲቀጡ፣ በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ሊደግፏቸው የተሰበሰቡት ሰዎች ላይ ውሻ ተለቀቀ። ቤተ መጻሕፍት በነጻ የሚገለገሉበት ስለሆነ ማንም አይከስርበትም፤ ከላይ በተጠቀሰው የኪስ መለኪያ ደካማ ነው። በሞኝነት ማሳያነቱ ግን አቻ የለውም።

ባዕድ መስሎ መግባት

ይህ በእውነቱ እምቢተኝነት አይደለም፤ ነገር ግን ራት በአስቸኳይ ለፈለገ ሰው ሊቀር አይገባም። በ1947 ጄሲ ሩቴ የተባሉ ጥቁር የሉተራን ቄስ ከኒው ዮርክ ወደ ሞባይል፣ አላባማ፣ ሲሄዱ ጥምጣምና ካባ ለብሰው እንደ ባዕድ አገር ታላቅ ሰው ተስተናገዱ። በ1961 ደግሞ የአፍሪካ ዲፕሎማቶች በሜሪላንድ አውራ ጎዳና ላይ ከምግብ ቤት መባረራቸው ዋሽንግተንን ሲያሳፍር፣ በባልቲሞር የሚታተም የጥቁሮች ጋዜጣ ዘጋቢዎች ካባ ለብሰው፣ ሊሙዚን ተሳፍረው፣ «ጎባን» ከተባለች በዓለም ካርታ ላይ ከሌለች አገር የመጡ ሹማምንት ነን ብለው በዚያው ጎዳና ተጓዙ፤ ለተወላጁ የተከለከለውን ጠረጴዛም አገኙ። ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ ሆድ ይሞላል፣ ሕጉ ግን እንደነበረ ይቆያል።

ዋና

በባሕር ዳርና በመዋኛ ገንዳ የሚደረገውን በአጭሩ እናልፋለን። በጁን 1964 በሴንት ኦገስቲን፣ ፍሎሪዳ፣ ነጮችና ጥቁሮች አብረው ገንዳ ውስጥ ሲገቡ የሞቴሉ ሥራ አስኪያጅ ለጽዳት የሚውል አሲድ ውኃው ውስጥ ደፋ፤ አንድ ፖሊስም ሊያስራቸው ከነልብሱ ገንዳው ውስጥ ዘለለ። ፎቶግራፉ ዓለምን ዞረ፤ በማግስቱ የአሜሪካ ሴኔት የዘር መለያየትን የሚከለክለውን የሲቪል መብቶች ረቂቅ ሕግ አጸደቀ። ዋና የማይችል ሰው አይሞክረው።

ረጅም ጉዞ፦ ኑዛዜ ለጻፈ

ሜይ 4 ቀን 1961 አሥራ ሦስት ነጮችና ጥቁሮች ከዋሽንግተን ተነሥተው በግሬይሃውንድና በትሬይልዌይስ አውቶቡሶች ወደ ኒው ኦርሊንስ ጉዞ ጀመሩ። ከሁሉም መንገዶች በሕግ ረገድ ንጹሑ ይህ ነው፤ በክፍለ ሀገር አቋራጭ ጉዞ ላይ ዘር መለየትን ጠቅላይ ፍርድ ቤት አስቀድሞ ስለከለከለ ተጓዦቹ ሕግ እየጣሱ ሳይሆን እየፈጸሙ ነበር። በደቡብ እንደታየው ግን ሕግን ከመጣስ ይልቅ መፈጸሙ የባሰ ያስመታል። በአኒስተን፣ አላባማ፣ አንዱ አውቶቡስ ተቃጠለ። በበርሚንግሃም ጣቢያ ከተጓዦቹ አንዱ ጀምስ ፔክ ተደብድቦ ጭንቅላቱና ፊቱ በ53 ስፌት ተሰፋ፤ ፖሊስ ለምን እንዳልደረሰ የተጠየቀው አዛዡ ቡል ኮነር ዕለቱ የእናቶች ቀን በመሆኑ ፖሊሶቹ እናቶቻቸውን ሊጠይቁ እንደሄዱ አስረዳ። የመጀመሪያው ቡድን ኒው ኦርሊንስ የደረሰው በአውሮፕላን ነው።

ጉዞውን ከናሽቪል የመጡ ተማሪዎች ተረከቡት፤ ከመነሣታቸው በፊት ኑዛዜያቸውን ጽፈው ያስቀመጡ ነበሩ። ኮነር አስሯቸው ሲያበቃ በሌሊት በመኪና ጭኖ ቴነሲ ድንበር ላይ ጣላቸው፤ መዝሙራቸው እንደሰለቸውም ተናገረ። ተመልሰው መጡ። በጃክሰን ከ300 በላይ ሆነው ታሰሩ፤ ብዙዎቹ ወደ ፓርችማን ወህኒ ሲላኩ ዘበኞቹ መዝሙሩን ለማስቆም ፍራሾቻቸውን ወሰዱ፤ እነርሱም ብረቱ ላይ ተኝተው መዘመራቸውን ቀጠሉ። ከኖቬምበር 1 ጀምሮ የፌዴራሉ የትራንስፖርት ኮሚሽን «ለነጭ» «ለጥቁር» የሚሉ ምልክቶችን ከጣቢያዎች አስወረደ። ስድስት ወር ብቻ መፍጀቱ ከአውቶቡስ አድማው ፈጣን ያደርገዋል፤ ነገር ግን ዋጋው በዶላር የሚቆጠር አይደለም።

እስር ቤት መሙላት፦ ሹሙን አይተህ ምረጥ

ከላይ ያሉት መንገዶች ሁሉ መጨረሻቸው እስር ቤት ስለሆነ በቀጥታ ከዚያ መጀመርም ይቻላል። የሮክ ሂል፣ ሳውዝ ካሮላይና፣ ተማሪዎች በ1961 የ100 ዶላር መቀጮ መክፈልን ትተው 30 ቀን የጉልበት ሥራ መረጡ፤ መቀጮ መክፈል ከሳሽን መደጎም ነው፣ መታሰር ግን ቀለቡን በከሳሽ ላይ መጣል ነው የሚል ስሌት ነበራቸው።

ስሌቱ የማይሠራበት ቦታ ግን አለ። የኦልባኒ፣ ጆርጂያ፣ የፖሊስ አዛዥ ሎሪ ፕሪቼት ስለ ሰላማዊ ትግል አጥንቶ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ፖሊሶቹ ካሜራ ፊት እንዳይማቱ አዘዘ፣ እስረኞችንም ለአጎራባች አውራጃዎች አከፋፈለ፤ የእርሱ እስር ቤት ስለዚህ አልሞላም። በጁላይ 1962 ኪንግና ቄስ ራልፍ አበርናቲ 178 ዶላር ወይም 45 ቀን ተፈረደባቸውና እስሩን መረጡ፤ በሦስተኛው ቀን ማንነቱ ያልተነገረ ሰው መቀጮውን ከፍሎ ሁለቱም ሳይወዱ ተባረሩ። አበርናቲ በዕድሜያቸው ከብዙ ቦታ እንደተባረሩ፣ ከእስር ቤት ሲባረሩ ግን የመጀመሪያቸው እንደሆነ ለሕዝቡ ነገሩት። ሕዝቡ ሳቀ፤ ኦልባኒ ግን ያኔ አልተለወጠችም።

በርሚንግሃም የተለየች ነበረች፤ ኮነር አልተማረምና። በሜይ 1963 በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ከቤተ ክርስቲያን እየዘመሩ ሲወጡ አሰራቸው፤ እስር ቤቱ ሲሞላ በባዛር ሜዳ አጎራቸው፣ ከዚያም የእሳት አደጋ ቧንቧና ውሻ አዘዘ። ነጋዴዎቹ በገበያ አድማው ተጎድተው ስለነበር በጥቂት ቀናት ውስጥ ለድርድር ተቀመጡ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የመብት ታጋዮች ስለ ቡል ኮነር እግዚአብሔርን ሊያመሰግኑ ይገባል፣ የአብርሃም ሊንከንን ያህል ረድቷቸዋል ብለው እንደነበር ይነገራል። በኦልባኒና በበርሚንግሃም የታጋዮቹ ድፍረት እኩል ነበር፤ ያልተካከለው የሁለቱ አዛዦች ትዕግሥት ነው።

ተመላሽን በሚመለከት

በየትኛውም መንገድ የተጓዘ ሰው የወንጀል ሪኮርዱ የሚሰረዝለት እጅግ ዘግይቶ ነው። አላባማ በእነዚህ ሕጎች ለተፈረደባቸው ምሕረት የሚሰጥ ሕግ ያወጣችው በ2006 ሲሆን፣ ምንም ያላጠፋ ሰው ምሕረት ምን ያደርግለታል ያሉ ነበሩ። የሮክ ሂል ተማሪዎች ፍርድ በ2015 ሲሻር ዳኛው በ1961 የፈረደባቸው ዳኛ የወንድም ልጅ ነበር፤ የሠሩት 30 ቀን ግን አልተመለሰላቸውም። የክላውዴት ኮልቪን ደግሞ ከዚህም ዘግይቷል። ኮልቪን ከሮዛ ፓርክስ ዘጠኝ ወር ቀደም ብላ፣ በ15 ዓመቷ፣ በዚያችው ሞንትጎመሪ ከአውቶቡስ ወንበር አልነሣም ብላ ታስራለች፤ አውቶቡሱን ነጻ ካወጡት አራት ከሳሾችም አንዷ ናት። የታዳጊዎች ፍርድ ቤት የጣለባት የአመክሮ ጊዜ ማለቁን የነገራት ሰው ስላልነበረ በ2021 ለፍርድ ቤት አመለከተች፤ ሪኮርዷም በዚያው ዓመት በ82 ዓመቷ ተሰረዘ። ማመልከቻዋን ባቀረበች ጊዜ ለተሰበሰቡት ሰዎች «እንግዲህ ከአሁን ወዲህ ወጣት ጥፋተኛ አይደለሁም ማለት ነው» አለቻቸው።